ሽሮና ዋፍል

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ያመጣላትን የዋፍል መጋገሪያ ታቅፋ ከተፍ አለች። አብሮት ባለ ሥዕል ካርቶን አለ፤ ውስጡ ዱቄት ነው። «ጋሽዬ፣ ፈረንጅ እኮ አይቸገርም! እንቁላል፣ ወተትና ዘይት ጨምሮ መጋገር ብቻ» አለችኝ። እውነትም ብዙ ሳንቆይ የማር እንጀራ የመሰለ፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ነገር ቀረበልን። ይጣፍጣል፣ አልዋሽም። እኔን የቆረቆረኝ «ፈረንጅ አይቸገርም» ያለችው ነው።

ሲተረክ እንደኖረው ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1930፣ እኛ ዘንድ ጃንሆይ ዘውድ በጫኑበት ዓመት፣ ካርል ስሚዝ የተባለ የጄኔራል ሚልስ የሽያጭ ሠራተኛ ባቡር ላይ ከመሸ ምግብ ያዛል። ትኩስ ብስኩት ወዲያው ሲመጣለት ገረመውና ሚስጥሩን ጠየቀ። ለካ ወጥ ቤቱ ዱቄት፣ ስብ፣ ጨውና ቤኪንግ ፓውደር አስቀድሞ አሽቶ በረዶ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጥ ኖሯል። በዓመቱ «ቢስክዊክ» ገበያ ላይ ዋለ። የሻጩን ስም ይኸው እኔም አነሳሁት፤ የወጥ ቤቱን ስም ግን ሲያነሱ አልሰማሁም።

እኔ ያደግሁት እሪ በከንቱ ነው። ስሙን ያገኘው በድሮ ጊዜ ሌሊት ሽፍታ የያዘው ሰው «እሪ» ቢል የሚደርስለት ስለሌለ ነው ይባላል። በእኛ ዘመን ግን እሪ ማለት ቀርቶ ብታስነጥስ «ይማርህ» የሚልህ ከሦስት ቤት ነው። ወደ ፒያሳ ብቅ ካልክ ፉርኖ አለ፣ ቦምቦሊኖ አለ፣ ዘይት ውስጥ ገብቶ ሆዱን ነፍቶ የሚወጣ ፓስቲ አለ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ቃላቱን ይዟቸው አልሄደም። ኬክ ግን ለደመወዝ ቀን ነበር።

ታዲያ የእኛ «ዝግጁ ዱቄት» የቱ ነው ብትሉኝ ሽሮ ነው። ከዕቃው ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨልፎ የፈላ ውሃ ላይ መበተን ነው፤ ቅመሙም ጨውም ውስጡ አለ። ወንደላጤ እንኳ አይሳሳትም። ግን እዚያ ለመድረስ አተሩ ይለቀማል፣ ይታመሳል፣ ይከካል፣ በሰፌድ ይነፋል። በርበሬው ተቀንጥሶ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉና ከበሶብላው ጋር ይወቀጥና ተመልሶ ይሰጣል። ከዚያ ወፍጮ ቤት ሰልፍ አለ። ይህ ሁሉ የሴት ጉልበት ነው፤ የግቢው ሴቶች ተራ ገብተው ይረዳዱበታል። የእኔ ድርሻ ስጥ ጠባቂነት ነበር፤ ከዶሮና ከድንገተኛ ዝናብ። አንድ ጊዜ ኳስ ጨዋታ አታሎኝ ስጡን ዝናብ መታው። የዚያን ቀን እሪታዬ በከንቱ ነበር።

ደረቅ መሆኑ ዋናው ሚስጥር ነው። ሽሮ እርጥበት ከነካው ይሻግታል። ቤኪንግ ፓውደርም ያው ነው፤ ውስጡ ያለው ሶዳና አሲድ ደረቅ እስከሆኑ ድረስ ጎን ለጎን ተኝተው ይኖራሉ። ፈሳሽ ሲያገኙ ይጣሉና አየር ይፈጥራሉ፤ ዋፍሉን የሚያነፋው እሱ ነው።

ፋብሪካውም ቢሆን ዘግይቶ አልመጣብንም። እንደ ፈረንጆቹ በ1960ዎቹ ከስዊድን ጋር በተደረገ ትብብር ስንዴ፣ ጥራጥሬ፣ የወተት ዱቄትና ቫይታሚን ተቀላቅሎ ለሕፃናት «ፋፋ» ተሠራ። ስሙን ያወጣውን ሰው ባገኘው እጁን እጨብጠው ነበር።

አሁን እናቴ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ናት። ዕጣው ሲወጣላት እልል ብለናል፤ ቧንቧው ከጓዳዋ፣ መጸዳጃው ከቤቷ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ ያሉት አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱም ብዙ ጎረቤት ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበትኗል። ኮንዶሚኒየም የሠሩ ሰዎች ለበግ ማረጃና ለእንጀራ መጋገሪያ የጋራ ቤት አስበዋል፤ ይመስገኑ። ስጥ ግን ተረሳ። እናቴ አንድ ክረምት በረንዳዋ ላይ አስጥታ ነፋስ በርበሬውን ከታች ቤት የታጠበ አንሶላ ላይ አራገፈው። ከዚያ ወዲህ የሽሮ ዱቄቷን ከሱፐርማርኬት በፌስታል ትገዛለች፤ ስትበላም ዝም ትላለች።

የልጅቱ ካርቶን በሁለት ቅዳሜ አለቀ። ዋጋውን ጠይቀን ስንደነግጥ ራሳችን ቀላቀልነው፤ 2 ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። አራት እጥፍ አድርገን በክዳን ዕቃ አስቀመጥነው። ሲያምረን ከዚያ ላይ 2 ኩባያ ወስደን 2 እንቁላል፣ 1 ኩባያ ተኩል ወተትና ሩብ ኩባያ ዘይት መጨመር ነው። ብዙ አይመታም፤ ሊጡ ከተመታ ዋፍሉ ጎማ ይሆናል። መጋገሪያው በደንብ መጋል አለበት፤ እንፋሎቱ ሳይቆም ከከፈታችሁት ለሁለት ይሰነጠቃል።

ለእናቴ ይዘንላት ሄድን። ቆርሳ ቀመሰች፣ ሌላም ደገመች። ዱቄቱን ራሳችን እንዳዘጋጀነው የልጅ ልጇ በኩራት ስትነግራት ቀና ብላ አየቻት።

«የት አሰጣችሁት?» አለች።