የማኅበረሰብ ሬዲዮ ሥልጠና ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወጣቶች

የማኅበረሰብ ሬዲዮ ሥልጠና ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወጣቶች ድጋፍ የሚሰጥበት አንድ መንገድ ነው። ወጣቶቹ ቃለ መጠይቅ ማድረግን፣ ድምፅ መቅዳትንና ማቀናበርን፣ የስርጭት ሕግንም ተምረው ስለ ሕይወታቸው ራሳቸው ይናገራሉ። አሠራሩ በአውስትራሊያና በደቡብ አፍሪካ የታወቀ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ውስጥ በሕግ ምክንያት በአየር ላይ የለም።

== አመጣጥ ==
በሲድኒ ከተማ በ2ኤስኢአር ጣቢያ «ጌይዌቭስ» የተባለው ዝግጅት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። በዚያን ጊዜ በወንዶች መካከል የሚደረግ ግንኙነት በክፍለ ሀገሩ ወንጀል ነበር፤ ሕጉ የተነሣው ከ5 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በሜልቦርን «ጆይ» የተባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1993 በዓለም ኤድስ ቀን ስርጭት ጀመረ። ጆይ የሚሠራው በአብዛኛው ሰልጥነው በሚገቡ በጎ ፈቃደኞች ነው።

በአፍሪካ ቀደም ብሎ የሚጠቀሰው የኬፕ ታውኑ ቡሽ ሬዲዮ ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካሴት ተቀድቶ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ከነበረ ሥራ የተወለደ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ያለ ፈቃድ አሰራጭቶ መሣሪያው ተወረሰበት። ፈቃድ ያገኘው በ1995 ነው። «ኢን ዘ ፒንክ» የተባለ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ዝግጅትም ነበረው።

== በኢትዮጵያ ==
የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 የማኅበረሰብ ብሮድካስትን በአንድ አካባቢ የሚኖር ወይም የጋራ ፍላጎት ያለው ማኅበረሰብ ለትርፍ ሳይሆን የሚያቋቁመው አድርጎ ይተረጉመው ነበር። ጆይም ፈቃድ ያገኘው በጋራ ፍላጎት ስም ስለሆነ የሁለቱ አገሮች ትርጓሜ ይቀራረብ ነበር። ልዩነቱ ያለው ሌላ ሕግ ላይ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸምን ድርጊት በቀላል እስራት ያስቀጣል። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታንና አካል ጉዳትን ሲጠቅስ ይህን ወገን አይጠቅስም። ስለዚህ በሬዲዮ የሚሰደብ ወጣት በዚህ አዋጅ በስሙ የተጠበቀ አይደለም።

በአገር ውስጥ ለዚህ በጣም የሚቀርበው ተሞክሮ የኤች አይ ቪ ዝግጅቶች ናቸው። «ቤተኛ» በተባለው ዝግጅት ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች የዕለት ውሏቸውን በራሳቸው ድምፅ እየቀዱ ያሰሙ ነበር። መገለል በጠነከረበት ዘመን ይህ ቀላል ድፍረት አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በተላለፈው «የቀን ቅኝት» የሬዲዮ ድራማም አድማጮች ብዙ ደብዳቤ ጽፈዋል፤ ለጎረቤት የማይነገር ነገር ለጣቢያ ይጻፋል ማለት ነው።

ዛሬ በግልጽ የሚናገሩት በአብዛኛው በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ፋሪስ ኩቺ ገዛኸኝ ከመሥራቾቹ መካከል የሆነበት «ሐውስ ኦፍ ጉራማይሌ» የተባለው ድርጅት ነው።

== ቆቦና የራያ ቆላ ==
ቆቦ ከወልድያ በስተሰሜን፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ከራያ በስተምዕራብ ባለው በዋግ ኽምራ ዞን የማኅበረሰብ ሬዲዮ ተቋቁሞ ስለነበር አሠራሩ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ችግሩ ሬዲዮ ፊትን ቢሰውርም ድምፅን አለመሰወሩ ነው። የራያ ሰው በአነጋገሩ ይታወቃል፤ በትንሽ ከተማ ደግሞ የማን ልጅ እንደሆነ ጭምር። እንዲህ ባለ ቦታ የሥልጠናው ዋና ትምህርት ማይክሮፎን መያዝ ሳይሆን ባለታሪኩን መሸሸግ ነው፦ ታሪኩን ሌላ ሰው ያነበዋል፣ የሰፈርና የትምህርት ቤት ስም ይወጣል፣ ዋናው ቅጂም ይደመሰሳል።

ከውጭ የሚመጣውን በኢንተርኔት መስማትም ሁልጊዜ አይቻልም። በ2013 እና 2014 ዓ.ም. ጦርነት በአካባቢው ስልክ ተቋርጦ ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል። በእነዚያ ወራት በቆላው ያለ ኔትወርክ የሚሰማው በባትሪ የሚሠራው ሬዲዮ ነበር።