ኮምፒዩተር ሲከፈት ሳይጠሩ የሚነሱ ፕሮግራሞች

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደው መንገድ አምባሰል ወረዳ ውስጥ ውጫሌን አቋርጦ ያልፋል። የከተማዋን ስም አብዛኞቻችን የምናውቀው ከታሪክ መጽሐፍ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ ይስማ ንጉሥ ላይ በምኒልክና በኢጣሊያው ተወካይ በኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ መካከል የተደረገው ውል 20 አንቀጾች ነበሩት፤ ሁላችንም የምናስታውሰው ግን 17ኛውን ነው። በአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ ቢፈልጉ በኢጣሊያ መንግሥት በኩል መላላክ ይችላሉ ይላል። በጣሊያንኛው ቅጂ ‹‹መቻሉ›› ቀርቶ ግዴታ ሆነ። ሮም አንቀጹን ለአውሮፓ መንግሥታት አሳውቃ ሥራ ላይ ካዋለችው በኋላ ነገሩ ፍጥጥ ብሎ የወጣው፣ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1882 ዓ.ም. ለምኒልክ በላኩት መልስ ነው።

ይህን ያነሳሁት ስለ ዲፕሎማሲ ለመጻፍ አይደለም። የምጽፈው ስለ ኮምፒዩተር ነው፤ ጉዳዩ ግን ከአንቀጽ 17 ብዙም አይርቅም። አንድ ሰው ‹‹ብትፈልግ›› ተብሎ የፈቀደው ነገር፣ እሱ ሳያውቀው ‹‹ሁልጊዜ›› ሆኖ ይሠራበታል።

በቅርቡ ለቤተሰብ ጉዳይ በውጫሌ ሳልፍ፣ አንድ የውክልና ረቂቅ ለማተም ወደ አንድ ኮምፒዩተር ቤት ጎራ ብዬ ነበር። መብራት ሄዶ የተመለሰበት ሰዓት ነበር። ማሽኑ ተከፍቷል፣ የዊንዶውስ ምስል መጥቷል፣ ማውሱ ሲነካ ግን መልስ የለም። ‹‹ትንሽ ይታገሱኝ ጋሼ፣ ገና እየተነሳ ነው›› አለችኝ ሥራውን የያዘችው ወጣት። ተነስቶ ለሥራ እስኪደርስ 9 ደቂቃ ፈጀ። ፈቃዷን ጠይቄ ዝርዝሩን አብረን ስናየው፣ ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቁጥር በራሳቸው የሚነሱ 23 ፕሮግራሞች ተሰልፈዋል። የሦስት ልዩ ልዩ ብሮውዘሮች ረዳቶች፣ ከተሸጠ የቆየ የፕሪንተር ፕሮግራም፣ እሷ አንድም ቀን ያልተሰበሰበችባቸው የስብሰባ ፕሮግራሞች፣ እንዲሁም የአምራቹ ስም ያልተጻፈበት አንድ እንግዳ ነገር።

እኔን ያሳሰበኝ 9 ደቂቃው ሳይሆን ይህ መጨረሻው ነው። በዚያ ማሽን የሚጻፈው የቤት ሽያጭ ውል፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ ውክልና፣ የመታወቂያ ቅጂ ነው። በየከተማው ያሉ ኮምፒዩተር ቤቶች ያለ መዝገብ የሚሠሩ መዝገብ ቤቶች ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የእኛ የአዲስ አበባዎቹ ጥብቅና ቢሮዎችና የሒሳብ ድርጅቶችም ማሽኖች ከዚህ የተሻሉ አይደሉም።

ለመሆኑ እነዚህ ፕሮግራሞች የሚነሱት ከየት ነው? ዊንዶውስ ሲከፈት ‹‹ማንን ላስነሳ›› ብሎ የሚያያቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ቀላሉ ‹‹ስታርትአፕ›› የተባለው ፎልደር ነው። ሁለተኛው ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ ‹‹ረን›› ተብሎ የተሰየመው ቦታ ሲሆን፣ አንዱ ለማሽኑ ተጠቃሚዎች ሁሉ፣ ሌላው ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ ያገለግላል። ከዚያም ማንም ሳይገባ ጭምር የሚሠሩት ሰርቪሶች አሉ። ታስክ ስኬጁለር ደግሞ በቀጠሮ ሥራ የሚያስነሳው ክፍል ነው። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው፤ መደበቅ የሚፈልግ ፕሮግራም ደግሞ ይህንኑ ያውቃል።

እንዴት ተጠራቀሙ ለሚለው መልሱ አጭር ነው፤ እኛው ፈቅደናል። አንድ ፕሮግራም ስንጭን ‹‹ኔክስት፣ ኔክስት፣ እስማማለሁ›› እያልን እናልፋለን። ‹‹ኮምፒዩተሩ ሲከፈት አብሮ ይነሳ›› የሚለው ሣጥን ቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ይጠብቀናል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1686 መሠረት፣ አንደኛው ወገን ለሥራው ያዘጋጃቸው ጠቅላላ ሁኔታዎች ሌላኛውን የሚያስገድዱት፣ ይኸው ወገን አውቋቸው ሲቀበላቸው ወይም በመንግሥት ሥልጣን ሲወሰኑ ወይም ሲጸድቁ ነው። ‹‹አውቆ መቀበል›› የሚለው ቃል ለዚህ ዘመን የተጻፈ ይመስላል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2019 ፕላኔት49 በተባለው ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፣ ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሣጥን ለኩኪ ፈቃድ አይሆንም ብሏል። ፍርዱ ስለ ድረ ገጽ እንጂ ስለ ዊንዶውስ አይደለም። አስተሳሰቡ ግን ለዚህም የሚሠራ ይመስለኛል።

ፈቃድ እንዴት እንደሚለጠጥ የሚያሳየው ታዋቂው ጉዳይ የሶኒ ቢኤምጂ ነው። ኩባንያው የሙዚቃ ሲዲዎቹ እንዳይቀዱ ብሎ፣ ሲዲው ኮምፒዩተር ውስጥ ሲገባ ራሱን የሚደብቅ ፕሮግራም የሚጭን ሥርዓት ሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 መጨረሻ ማርክ ሩሲኖቪች የተባለው ባለሙያ በራሱ ማሽን ላይ አግኝቶ ይፋ አወጣው። ክስ በክስ ላይ ተከተለ፤ ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር የነበረውም ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት ተቋጨ። ሙዚቃ ለመስማት የተስማማ ሰው የኮምፒዩተሩን ቁልፍ ለመስጠት ተስማማ ማለት አይደለም።

በእኛ አገር በራሱ የሚነሳ ፕሮግራም ያንገበገበን በፍላሽ ዲስክ በኩል ነበር። ፍላሹ ሲሰካ ዊንዶውስ በውስጡ ያለችውን ‹‹አውቶረን›› የምትባል ትንሽ የትእዛዝ ፋይል አንብቦ የታዘዘውን ያስነሳል። ቫይረሱ ከኢንተርኔት ካፌ ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ ዶርም የተጓዘው በኪሳችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ብቅ ብሎ ዓለምን ያዳረሰው ኮንፊከር ከተጠቀመባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ለቆዩት የዊንዶውስ ዓይነቶች ባሰራጨው ማሻሻያ የፍላሽ አውቶረንን ዘጋ። ዛሬ ፍላሽ ላይ የምናየው ፎልደር መስሎ የሚቀመጥ ሾርትከት ግን አሁንም ጠቅ የሚያደርግለት እጅ እየጠበቀ ነው።

ከዚህ የከበደው ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ነዋሪነቱ ሜሪላንድ የሆነና በክሱ ላይ ‹‹ኪዳኔ›› በሚል የብዕር ስም የቀረበ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የአሜሪካ ዜጋ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው፣ በኢሜይል የመጣ አንድ የወርድ ሰነድ ሲከፈት ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ኮምፒዩተሩ ላይ ተጭኖ፣ ከጥቅምት 2012 መጨረሻ እስከ መጋቢት 2013 (እ.ኤ.አ.) የስካይፕ ንግግሩን ሲቀዳና ኢሜይሉን ሲከታተል ቆየ። ልብ በሉ፤ ይህ የወራት ጉዳይ ነው። ኮምፒዩተሩ በወራት ውስጥ ስንት ጊዜ ተዘግቶ ተከፍቷል? የስለላ ፕሮግራም ዋና ጭንቀቱ መግባት ብቻ አይደለም፤ ማሽኑ ተዘግቶ ሲከፈት አብሮ መነሳት መቻሉ ነው።

የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 2017 ክሱን ውድቅ ያደረገው ስለ ስለላው እውነትነት ወስኖ አይደለም። ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት አይነሳም በማለት ነው። ትእዛዙ ከውጭ ተሰጥቶ ጉዳቱ ሳሎን ውስጥ ሲደርስ ማን ይጠየቃል የሚለው ጥያቄ ለሕግ ሰው እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጥ ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ሌላ ዘገባ ደግሞ፣ በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተላከው የስለላ ፕሮግራም የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ መስሎ ይቀርብ እንደነበር አሳይቷል። አዶቤ ፍላሽን እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አቁሞታል። ስለዚህ ዛሬ በማሽንዎ መነሻ ዝርዝር ውስጥ ‹‹የፍላሽ ማሻሻያ›› የሚል ካገኙ፣ ወይ ያረጀ ቅሪት ነው ወይ እንግዳ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። በዊንዶውስ 10 እና 11 ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል፤ ‹‹ስታርትአፕ›› የሚለውን ይምረጡ። ከእያንዳንዱ ፕሮግራም ጎን የአምራቹ ስም፣ መፈቀዱና በመነሻ ሰዓት ላይ ያለው ጫና ተጽፏል። ‹‹ሃይ›› የተባለው ከ1 ሰከንድ በላይ የፕሮሰሰር ጊዜ ወይም ከ3 ሜጋባይት በላይ የዲስክ ሥራ የሚወስድ ነው። የማይፈልጉትን በቀኝ ጠቅ አድርገው ‹‹ዲስኤብል›› ይበሉት። ይህ ፕሮግራሙን አያጠፋም፤ ሲፈልጉት ራስዎ ይከፍቱታል፣ ሐሳብዎን ከቀየሩም ይመልሱታል። በቆዩት ማሽኖች፣ ለምሳሌ በዊንዶውስ 7፣ ይኸው ሥራ የሚሠራው ‹‹ኤምኤስኮንፊግ›› በሚባለው ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ራሱ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱን በዚህ አጋጣሚ ላስታውስ። ማክ ያላቸው በሴቲንግስ ውስጥ ‹‹ጀነራል›› ቀጥሎ ‹‹ሎግኢን አይተምስ›› የሚለውን ይመልከቱ።

ሁሉንም መዝጋት ግን ስህተት ነው። የጸረ ቫይረሱን አይንኩ። የድምፅና የላፕቶፕ መዳሰሻ ሰሌዳ ረዳቶችን ይተዉ። በፓወር ግዕዝ ወይም በኪማን የሚጽፉ ከሆነና አማርኛው ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ዝግጁ እንዲሆን ከፈለጉ እሱንም ይተዉት። አለበለዚያ ነገ ጠዋት ጸሐፊዋ ‹‹አማርኛው ጠፋ›› ብላ መደወሏ አይቀርም። የደመና ማስቀመጫ የሚጠቀሙም፣ ፋይላቸው በራሱ መቀመጡ እንደሚቆም አውቀው ይወስኑ። የቴሌግራም፣ የሙዚቃና የጨዋታ ፕሮግራሞች ግን እስክንጠራቸው መጠበቅ አያቅታቸውም።

ታስክ ማኔጀር የማያሳየውን ለማየት ‹‹አውቶረንስ›› የተባለ ነጻ ፕሮግራም አለ። የሠሩት ከላይ ያነሳሁት ሩሲኖቪችና ባልደረባው ብራይስ ኮግስዌል ሲሆኑ፣ ማይክሮሶፍት ድርጅታቸውን እ.ኤ.አ. በ2006 ገዝቶታል፤ ከራሱ ከማይክሮሶፍት ገጽ ይወርዳል። ሰርቪሱን፣ የቀጠሮውን ሥራ፣ ሬጅስትሪውን ሁሉ አንድ ቦታ ያወጣዋል። የማይክሮሶፍት የሆኑትን ሰውሮ የቀሩትን ብቻ እንዲያሳይ ቢያዙት ዝርዝሩ ይቀልላል። ቢጫ የሆነው መስመር ፋይሉ የሌለ ነው፤ ሮዝ የሆነው የአምራች መረጃ ወይም ትክክለኛ ዲጂታል ፊርማ የሌለው ነው። ሮዝ ሁሉ ሌባ አይደለም፤ በአገር ውስጥ የተሠሩ ትንንሽ የሒሳብ ፕሮግራሞችም ያለ ፊርማ ሊመጡ ይችላሉ። ነገር ግን ስም የሌለው ፕሮግራም ‹‹ቴምፕ›› ከተባለው የጊዜያዊ ፋይሎች ፎልደር የሚነሳ ከሆነ፣ ወይም ሲዘጉት በማግሥቱ ራሱን ከፍቶ ካገኙት፣ ማሽኑን ከኔትወርክ ነቅለው ባለሙያ ይጥሩ። ያ ሁኔታ የፍጥነት ጥያቄ አይደለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ ውጪ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል አድርጎታል። ለደንበኛ ሰነድ ኃላፊነት ያለብን ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ንም ማሰብ አለብን።

በቢሮ ደረጃ እኔ የምመርጠው ሠራተኛው በዕለት ሥራው የአስተዳዳሪነት ሥልጣን በሌለው አካውንት እንዲገባ ነው። እንዲህ ሲሆን የማሽኑን ተጠቃሚዎች ሁሉ የሚነካ ነገር ለመጫን የይለፍ ቃል ይጠየቃል፤ የጠየቀው ሰውም ‹‹ይህ ምንድነው?›› ለማለት ዕድል ያገኛል። ብዙ አለቆች ይህን እንደ ቢሮክራሲ ያዩታል። እኔ አላየውም።

ዝርዝሩን ካስተካከሉ በኋላ ለውጡን ለመለካት ‹‹ሻት ዳውን›› ሳይሆን ‹‹ሪስታርት›› ያድርጉ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ‹‹ፋስት ስታርትአፕ›› በነቃባቸው ማሽኖች መዝጋት የሥርዓቱን ክፍል በከፊል አስተኝቶ ስለሚያስቀምጥ ሙሉው መነሻ የሚታየው በሪስታርት ነው። በስልክ ዳታ ኢንተርኔት የሚጠቀሙ ደግሞ ግንኙነቱን በሴቲንግስ ውስጥ ‹‹ሚተርድ›› ያድርጉት። ጠዋት የተነሱት ፕሮግራሞች ፓኬጁን ከባለቤቱ በፊት እንዳይጨርሱት ይህ ከዝርዝሩ ጎን ለጎን ይረዳል።