ዳሳሹ ስንት ነው?

ባለፈው ጥር፣ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከአንድ ወጣት ጋር ቆሰበር ከተማ አስፋልቱ ዳር ካለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁ። ልጁ ተማሪ ነው። የጓደኞቹን የምረቃ ፎቶ እያነሳ የኪስ ገንዘብ ማግኘት አስቧል። ያጠራቀማት ብር በጃኬቱ የውስጥ ኪስ ናት፤ በየደቂቃው እጁን እየሰደደ መኖሯን ያረጋግጣል። አንዲት ትንሽ ካሜራ ከመደርደሪያ አስወረደና «ስንት ሜጋ ናት?» አለ። «48» አለው ባለሱቁ። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ 48 አይበቃም?» አለኝ።

እንኳን ሊያንስ ይተርፋል። መጠየቅ የነበረበት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ደግሞ ሱቅ ውስጥ አፍ ሞልቶ የሚጠየቅበት ቃል የለንም። ከሌንሱ ጀርባ፣ ድሮ ፊልሙ ይዘረጋ በነበረበት ቦታ፣ ብርሃን የሚያርፍባት አንዲት ቀጭን ገበታ አለች። ፈረንጆቹ ሴንሰር ይሏታል። «ሴንሰሩ ስንት ነው?» ብል ባለሱቁ ሌባ ሲገባ የሚጮኸውን ማንቂያ የፈለግሁ ይመስለዋል። ስለዚህ የዛሬው ቃላችን ይኸው ነው፦ ምስል ዳሳሽ፤ ባጭሩ ዳሳሽ።

ቃሉ ሙሉ በሙሉ አዲስ አይደለም። ሐኪም የታማሚን ሆድ ይዳስሳል፤ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ የዳሰሳ ጥናት ያካሂዳል። ሙቀት ወይም እንቅስቃሴ የሚያውቁ መሣሪያዎችንም ዳሳሽ የሚሉ ጽሑፎች አሉ። «ብርሃን ዳሳሽ» ማለትም ይቻል ነበር፤ ግን ሲመሽ የመንገድ መብራት የሚያበራው ዕቃም ብርሃን ይዳስሳልና ይምታታል። «ብርሃን ተቀባይ» ደግሞ ጣሪያ ላይ የሚሰቀለውን ሶላር ያስመስለዋል።

«ብርሃን በእጅ ይዳሰሳል ወይ? ለምን ተመልካች አትለውም?» ያለኝ ወዳጅ አለ። ቃሉን የመረጥኩት ግን በዚሁ ምክንያት ነው። ዳሳሹ ዕውር ነው። ቀይና አረንጓዴ ለይቶ አያውቅም፤ በእያንዳንዷ ነቁጥ (ፒክሰል) ላይ ያረፈውን የብርሃን ብዛት ብቻ ይለካል። ቀለም የሚታወቀው በየነቁጡ ላይ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ማጣሪያ ስለሚደረብ ነው፤ ከአራቱ ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። ይህን አደራደር ብራይስ ባየር የተባለ የኮዳክ ባለሙያ በ1976 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። የቀረውን ካሜራው ራሱ አስልቶ ይሞላዋል። ዓይኑ የፈዘዘ ይስሐቅም ልጁን ያወቀ የመሰለው በመዳሰስ ነበር፤ በፍየል ቆዳ መታለሉንም እናስታውሳለን።

የፍየል ቆዳው እዚህም አለ፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። ሜጋ የምንለው ሜጋ ፒክሰል፣ ማለትም አንድ ሚሊዮን ነቁጥ ነው። ፎቶ ቤት የሚታተመው 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ፎቶ ጥርት ብሎ እንዲወጣ 2 ሚሊዮን ነቁጥ ገደማ ይበቃዋል፤ ኤ4 የሚያህለው ደግሞ ወደ 9 ሚሊዮን ነው የሚፈልገው። ስመ ጥር ያልሆኑ ርካሽ ካሜራዎች 48 ብለው የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ ዳሳሻቸው ያን ያህል ነቁጥ ኖሮት አይደለም። ያነሱትን ትንሽ ምስል ይለጥጡና ክፍተቱን በግምት ይሞሉታል። በ1975 እ.ኤ.አ. ስቲቨን ሳሰን ኮዳክ ውስጥ የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ እኮ 10 ሺህ ነቁጥ ብቻ ነበረው፤ አንዱን ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር።

ወሳኙ የዳሳሹ ስፋት ነው። ቆሰበር ክረምቱን ያሳለፈ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ዝናብ ሲመጣ ደጅ ላይ የቡና ስኒዎች ብትደረድር፣ አጠገባቸውም በርሜሎች ብታቆም፣ ካፊያ ከሆነ ስኒዎቹ ውስጥ የምታገኘው ጠብታ ነው፤ አንዱ ጋ ሁለት፣ ሌላው ጋ ባዶ። በርሜሉ ጋ ግን ሊለካ የሚችል ውሃ አለ። ዶፍ ሲሆን ደግሞ ስኒዋ ወዲያው ሞልታ ትፈስሳለች፤ ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደዘነበ አትነግርህም። ትንሽ ዳሳሽ ላይ ብዙ ሚሊዮን ነቁጥ መጠቅጠቅ ስኒ መደርደር ነው። በጉም፣ በድንኳን ውስጥ፣ በማለዳ ቅዳሴ ብርሃኑ ካፊያ ነውና ፎቶው ሽፍታ የወጣበት ይመስላል። ካሜራው ጨለማውን ለማካካስ ሲሞክር ደግሞ ጣቢያው በደንብ እንዳልገባለት ራዲዮ ነው፤ ድምፁ ሲጨመር ወሬውም ጩኸቱም አብሮ ይጨምራል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ዳንግላ ላይ አንድ የዘመድ ሠርግ በኪስ ካሜራ አንስቼ፣ የሙሽራዋ እናት ፎቶውን አይተው «ልጄን ኩፍኝ አስያዝካት» ብለውኛል።

ስፋቱን መጠየቅም ጣጣ አለው፤ ካርቶኑ ላይ 1/2.3 የሚል የኢንች ክፍልፋይ ታገኛለህ። አካፍለህ 11 ሚሊ ሜትር ብትል ተሳስተሃል። ልኬቱ ከጥንት የቴሌቪዥን ካሜራ ቱቦ የውጭ ስፋት የተወረሰ ስለሆነ፣ ዳሳሹ ራሱ ከጥግ እስከ ጥግ 8 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ወርድና ቁመቱ 6.2 በ4.6 ገደማ ነው። ባለ 1 ኢንች የሚባለውም 13.2 በ8.8 ነው። ሌንሳቸው የሚፈታው መካከለኛ ካሜራዎች ላይ ግን 22 በ15 አካባቢ ይደርሳል፤ ከመጀመሪያው ጋር ሲተያይ ከአሥር እጥፍ በላይ የሚሰፋ ማረፊያ አለው ማለት ነው።

ስለዚህ ኪሱ ለሳሳ ሰው ምክሬ አዲሷን ትንሽ ትቶ ያገለገለውን ትልቅ እንዲፈልግ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ካኖን 1100ዲ 12 ሚሊዮን፣ ከእሱ አንድ ዓመት የሚቀድመው ኒኮን ዲ3100 ደግሞ 14 ሚሊዮን ነቁጥ አላቸው፤ «ሜጋው ትንሽ ነው» እየተባሉ በርካሽ የሚሸጡ እንዲህ ያሉ አሮጌዎች ናቸው። ዙም ላይም የሌንሱን እይ እንጂ በካርቶኑ ቁጥር አትታለል፤ ዲጂታል ዙም የሚባለው ፎቶውን ቆርጦ ማጉላት ነው፣ እቤትህም ትቆርጠዋለህ። መብራት ከሚጠፋበት ቀበሌ ከሆንክና ኪስ ካሜራ ብቻ ከተገኘ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን ምረጥ።

ያገለገለ ስትገዛ ሌንሱን ወደ ብርሃን አዙረህ ውስጡን እይ። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጉምና እርጥበት በበዛበት አገር፣ ቆዳ ቦርሳ ውስጥ ከርሞ የወጣ ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል፤ እንደ ሸረሪት ድር ይታያል፣ ተጠርጎም አይለቅም። ቀጥሎ ነጭ ግድግዳ አንሳ፤ ሁለት ሦስት ፎቶ ላይ በአንድ ቦታ የሚደጋገም ጥቁር ነጥብ ካለ ዳሳሹ ላይ አቧራ አለ።

ልጁ ያን ቀን ብሩን ሳያወጣ ተመለሰ። በኋላ አንድ ያገለገለ ካሜራ በዘመድ በኩል አገኘና ጥር 23 ሜዳው ላይ ተገናኘን። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የፈረሰኞቹ ማኅበር፣ የአድዋንና የአርበኞችን ፈረሶች የሚያስታውስበት ዕለት ነው። ፀሐዩ ዶፍ ነበር፤ በስኒዋ ቢሆን ኖሮ ነጭ የለበሱት ፈረሰኞች ሁሉ ባዶ ወረቀት ሆነው ይቀሩ ነበር። በካሜራው መስኮት ያሳየኝ አንዱ ፈረሰኛ ግን የጋቢው እጥፋት በእጥፋት ላይ ተለይቶ ይታያል፣ ጥላ ውስጥ ያለው ፊቱም አልጠቆረም። ፈረሶቹ ሜዳውን አቧራ በአቧራ አድርገውታል። ልጁ ሌንስ ሊቀይር ፈታና የካሜራውን አፍ ወደ ሰማይ አድርጎ ያዘው፤ ውስጡ አንዲት ብናኝ አይቶ ኖሮ የለበሰውን ጋቢ ጫፍ በጣቱ ጠቅልሎ ወደ ውስጥ ሰደደ። እጁን ቀጨም አደረግሁና ካሜራውን ወደ መሬት ደፋሁት።

«ምነው ጋሼ?»

«ዳሳሽ አይዳሰስም» አልኩት።