ክፉ ዘር ከየት መጣ?
የአንድ ጨዋታ ተረት ለታሪክ መምህር ምን ያስተምራል?

እንደሚታወቀው በታሪክ ትምህርት ተማሪዎቻችን ከሚሰለቿቸው ርእሶች አንዱ የምንጮች ምርመራ ነው። የዓይን ምስክርና የሰሚ ሰሚ፣ የቀድሞ ጽሑፍና የኋላ ጽሑፍ፣ የአሸናፊ ቃልና የተሸናፊ ቃል እያልን ስንዘረዝር የኋላው ረድፍ ያንቀላፋል። ለማስተማር ልምምድ ወደ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላክነው ዕጩ መምህር ግን ያንኑ ምርመራ ከክፍል ውጭ አግኝቶት መጣ። ሁለት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች በዕረፍት ሰዓት ሊደባደቡ ጥቂት እስኪቀራቸው ድረስ ይከራከራሉ። ነገሩ ዋርክራፍት ስለሚባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። አንዱ “ኦርኮች ሲፈጠሩም ክፉ ናቸው” ሲል፣ ሌላው “የለም፣ ኋላ ነው የተበላሹት” ይላል። እያንዳንዱም ማስረጃውን ከነዓመቱ ይጠቅሳል።

በመጀመሪያ ነገሩን እንደ ልጆች ጨዋታ ቆጥረን ልናልፈው ነበር። ቀረብ ብለን ስናየው ግን ቁም ነገር አገኘንበት። ያገኘነውንም ለሥራ ባልደረቦቻችን ከዚህ ቀጥለን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስሙና የሐሳቡ መነሻ

ኦርክ የሚለው ስም ወደ ጨዋታዎች የገባው ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከጄ. አር. አር. ቶልኪን መጻሕፍት ነው። ቶልኪን የጥንታዊ እንግሊዝኛ ሊቅ ስለ ነበር ቃሉን ያገኘው ከዚያው ቋንቋ ነው። ቤዎልፍ የተባለው ጥንታዊ ግጥም ከዚህ ስም ጋር የሚዛመድ ቃል ሲኖረው፣ ጭራቆቹንም ከቃየል ዘር ያስወልዳቸዋል። ክፋትን ከአንድ የጥንት በደል ማስወለድ ለእኛም አገር አንባቢ እንግዳ አይደለም። ሙሉው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ፣ ክፉዎች መናፍስት የወጡት መላእክት ከሰው ሴቶች ከወለዷቸው ረዓይት መሆኑን ይተርካል።

ቶልኪን ግን በገዛ ድርሰቱ ተቸገረ። በእምነቱ ክፋት የተፈጠረውን ያበላሻል እንጂ በራሱ አይፈጥርም። እንግዲያስ ኦርኮችን ማን አስገኛቸው? እርሱ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ ልጁ አዘጋጅቶ ባሳተመው “ሲልማሪልዮን” ውስጥ ኦርኮች በምርኮና በሥቃይ የተበላሹ ኤልፎች ናቸው የሚል መልስ እናገኛለን። በ1993 በታተሙት ማስታወሻዎቹ ግን ከሰው ይሆኑን፣ ከአውሬ ይሆኑን እያለ መልሱን ሲሠራና ሲያፈርስ ይታያል። ነገሩን ሳይቆርጠው ሞተ።

የጨዋታው ልዩ ልዩ መልሶች

ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1994 ባወጣው የመጀመሪያው ዋርክራፍት፣ ኦርኮች ከሌላ ዓለም በአስማት በር ገብተው የሰውን መንግሥት የሚያፈርሱ ጨካኞች ናቸው። በ2002 የወጣው ሦስተኛው ጨዋታ ግን ታሪኩን ገለበጠው። ኦርኮች ቀድሞ መናፍስትን እያከበሩ በአገራቸው የሚኖሩ ሕዝብ ነበሩ፤ ያሳበዳቸው ማኖሮት የተባለውን ጋኔን ደም መጠጣታቸው ነው ተባለ። በመጨረሻም ከመሪዎቻቸው አንዱ ግሮም ሄልስክሪም ጋኔኑን ገድሎ ወገኖቹን ከእርግማኑ ነፃ ሲያወጣ ራሱ ይሞታል። በስምንት ዓመት ውስጥ ክፉ የተባለው ዘር የተበደለ ሕዝብ ሆነ ማለት ነው።

ምንጮቹ እርስ በርስ የሚጋጩበትም ጊዜ አለ። ኤሬዳር የተባሉት ክፉዎች በሦስተኛው ጨዋታ መጽሐፍ ሳርጌራስ የተባለውን ኃያል ያሳቱ እነርሱ ናቸው። ኋላ በተጻፈው ግን ያሳታቸው እርሱ ነው። ተጫዋቾች ይህን ነቅሰው በማውጣታቸው፣ የታሪኩ ዋና ጸሐፊ ክሪስ ሜትዘን የቀድሞ ጽሑፉን ሳያመሳክር መጻፉን በ2006 በግልጽ አመነ። ተማሪዎቻችን አንድ ዜና መዋዕል ከሌላው ጋር ሲጋጭ የግድ አንዱ ውሸታም ነው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ሊማሩ ይችላሉ።

ደሙ ነው ወይስ ወሬው?

አሁን ወደ ሁለቱ ተማሪዎች ክርክር እንመለስ። ተጫዋቾች በሁለት ወገን ተከፍለዋል። አንደኛው ወገን ጥፋቱን ሁሉ ለደሙ ይሰጣል። ሁለተኛው ደግሞ ደሙ ያወጣው ቀድሞ በውስጣቸው የነበረውን ነው ይላል። በ2014 በወጣው ተከታይ ጨዋታ በሌላ የጊዜ ጎዳና ያሉ ኦርኮች ደሙን እምቢ ብለው፣ ያም ሆኖ ለወረራ ሲነሡ ይታያሉ። ሁለተኛው ወገን ይህን ትልቅ ማስረጃ አድርጎ ይዞታል።

እኛ ግን ከሁለቱም የሚሻል ማስረጃ በ2006 በታተመው የክሪስቲ ጎልደን ልብ ወለድ ውስጥ ያለ ይመስለናል። የድርጊቶቹን ቅደም ተከተል ልብ እንበል። ድሬናይ የተባሉት ሕዝብ ከኦርኮች ጋር ለብዙ ዘመን በሰላም ጎረቤት ሆነው ኖረዋል። አንድ አሳሳች መንፈስ በሟች ዘመድ አምሳል ለኦርኮች መሪ እየተገለጠ፣ ጎረቤቶቻቸው ሊያጠፏቸው እየዶለቱ መሆናቸውን ነገረው። ወሬው ተሠራጨ፤ ግድያውም ተጀመረ። ደሙ የተጠጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ኦርኮችን ገዳይ ያደረጋቸው መጀመሪያ ዘራቸውም አይደለም፣ የጋኔን ደምም አይደለም። ስለ ሌላ ሕዝብ የተነገራቸውን ወሬ ሳይመረምሩ መቀበላቸው ነው።

ተረቱ ከተረት ሲያልፍ

ስለ መነሻ የሚነገር ተረት በእኛ አካባቢ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አልቀረም። እንግሊዛዊው ተጓዥ ጆን ስፒክ በ1863 ባሳተመው መጽሐፍ የሐይቆቹ አካባቢ ገዥዎች ከኢትዮጵያ በኩል የመጡ ሌላ ዘር ናቸው የሚል ግምት ጻፈ። ግምቱ በቅኝ ገዥዎች ትምህርት ቤት እንደ እውነት ተጠና፤ በ1930ዎቹም ቤልጂጎች ሩዋንዳ ውስጥ ሁቱና ቱትሲ እያሉ በመታወቂያ ወረቀት ላይ አሠፈሩት። በኅዳር 1992 አንድ ፖለቲከኛ በስብሰባ ላይ ቱትሲዎችን በኒያባሮንጎ ወንዝ ወደ ኢትዮጵያ እንደሚመልሷቸው ተናገረ። በ1994 በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ታረዱ፤ ወንዙም ሬሳ ተሸክሞ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ አቅጣጫ ወረደ።

በአገራችንም ቢሆን ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን “ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ” እያልን ስንፈራና ስናገል ኖረናል። ማረሻውን ከእነርሱ ገዝተን፣ እንጀራውን በእነርሱ ምጣድ ጋግረን፣ ማዕዳችንን ግን ከለከልናቸው። ከተማሪዎቻችን መካከል ይህን ስም ከቤቱ ይዞ የሚመጣ፣ ወይም በስሙ ተጠርቶ አንገቱን የሚደፋ መኖሩን መምህር ሁሉ ያውቃል።

ይህን ስንል የኮምፒዩተር ጨዋታን ከሰው እልቂት ጋር ማስተካከላችን አይደለም። ለማለት የፈለግነው ተማሪው በማያሳፍረውና በማያስቆጣው ነገር ላይ ምርመራን ቢለማመድ፣ በሚያሳፍረውና በሚያስቆጣው ላይ ለመድፈር ይዘጋጃል ነው።

በክፍል ውስጥ እንዴት?

በመጀመሪያ ሦስቱን ምንጮች፣ የ1994፣ የ2002 እና የ2006ቱን፣ በዓመታቸው ቅደም ተከተል ሰሌዳ ላይ እንጻፍ። ቀጥሎ ተማሪዎቹ ስለ እያንዳንዱ ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ለማን ብለው ይጠይቁ። ከዚያ በታሪኩ ውስጥ ያሉትን ድርጊቶች ራሳቸው በቅደም ተከተል ያስቀምጡ። ጨዋታውን የማያውቁት እንደ ዳኛ ቢቀመጡ ይበልጥ ይጠቅማል፤ አዋቂ ነኝ ባዩ ማስረጃውን ለማያውቅ ሰው ለማስረዳት ይገደዳልና። በዚያው ሳምንት ሳይሆን ዘግየት ብሎ ያንኑ ጥያቄ በስፒክ ግምት ላይ፣ በመጨረሻም በቡዳው ተረት ላይ እናንሣው።

ዕጩ መምህራችን ይህንኑ ሞክሮት ነበር። በክርክሩ ያልተካፈለች አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ “የኦርኮችን ጥፋት ሁላችሁም ለማስረዳት ትደክማላችሁ፤ ስለ ሞቱት ስለ ድሬናይስ ለምን አንዳችሁም አልጠየቃችሁም?” አለች። ክፍሉ ዝም አለ። የዚያን ዕለት ደወሉ ሲደወል ከመቀመጫው ቶሎ የተነሣ ተማሪ እንዳልነበረ ዕጩ መምህሩ በማስታወሻው ጽፏል።