ሰይጣን ቤትና ሚሞሪ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሲኒማ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ ትርዒቱ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ሆኖም ወደዚያ ቤት የሚገባ ሰው የመግቢያውን ዋጋ ከፍሎ ነበር።

ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም.፣ ተንቀሳቃሽ ስልክ ደግሞ በ1991 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ ሥራ ጀመሩ። ወደ መንዝ ደጋ ግን ፊልምና ዘፈን በስልክ የደረሰው በአየር ሞገድ ሳይሆን በእግር ነው። ኔትዎርክ ደካማ በነበረበት ዘመን ጐበዙ ገበያ ሄዶ በጉን ወይም ገብሱን ይሸጣል፤ ከዚያም ኮምፒዩተር ካለው ሱቅ ጐራ ብሎ ጥቂት ብር ይከፍልና ጥፍር በምታህለው ሚሞሪ ላይ ያስጭናል። ማታ ሦስት አራት ሆነው ባና ተከናንበው አንዱን ስልክ ያያሉ፤ ባትሪው እንዳያልቅም ተመርጦ ነው የሚታየው። በማግሥቱ በብሉቱዝ ለጎረቤት ይሻገራል። ደስታቸው እውነተኛ ነበር፤ እኔም አልነቅፈውም።

ነገር ግን ያ ጥቂት ብር ከማን ኪስ ገባ? ከባለሱቁ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ በኋላም ቢሆን፣ ዘፋኙና ተዋናዩ ከዚያ ገንዘብ ሳንቲም አይደርሳቸውም ነበር። ያንን ሱቅ ግን «ሰይጣን ቤት» ያለው ሰው አልሰማሁም። ዛሬ ዳታ ያለው ልጅ በዩቲዩብ ሲመለከት ለባለሙያው ከማስታወቂያው ጥቂት ሊደርሰው ይችላል፤ ዳታ የሌለው አሁንም ሚሞሪውን ይዞ ገበያ ይወርዳል።