ቢላዋውና ሚዛኑ

በአሜሪካ አንድ ኬክ ጋጋሪ ለተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ኬክ መሥራት ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም በማለቱ የተነሣው ሙግት እ.ኤ.አ. በ2018 ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ጋጋሪው ረታ፤ ዋናው ጥያቄ ግን ሳይፈታ ቀረ። ብዙዎቻችን ነገሩን የባዕድ ወግ አድርገን አልፈነዋል። ለእኔ ግን ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ገበያ የራቀ አይመስለኝም።

በሀገራችን ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። በየከተማው ሥጋ ቤቶች ላይ መስቀል ወይም ጨረቃና ኮከብ የሚሣለው ለዚህ ነው። ይህ አድልዎ ነውን? አይደለም። ምልክቱ ከብቱ በምን ሥርዓት እንደታረደ ይናገራል እንጂ ገዢውን አይመርጥም።

አድልዎ ሌላ ነው፤ ታሪካችንም በሚገባ ያውቀዋል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ከጠሩ በኋላ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። በሰሜኑ ደጋ ሙስሊሙ በአብዛኛው ርስት አልነበረውም፤ ወደ ንግድና ሽመና ያዘነበለውም ከዚሁ የተነሣ ነው። መሬት የነፈገው ጎረቤት ሸማውን ግን ከእጁ ይገዛ ነበር! ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች እኩልነትን ጠይቀው በአዲስ አበባ አደባባይ ወጡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም ርስትን ሽሮ ለማረስ ለሚፈቅድ ሁሉ መሬት ፈቀደ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 እኩልነትን፣ በአንቀጽ 27 የሃይማኖት ነጻነትን ደነገገ። ሁለቱ ቢጋጩስ? አንቀጽ 27 ራሱ በንኡስ አንቀጽ 5 ሃይማኖትን የመግለጽ መብት የሌሎችን መሠረታዊ መብት ለማስከበር በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ይናገራል። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፦ ቢላዋው የባለሥጋ ቤቱ እምነት ነው፤ ሚዛኑ ግን የሕዝብ ነው። እንዴት እንደሚያርድ ማንም ሊያዝዘው አይገባም፤ እርሱም ለማን እንደሚመዝን በገዢው ሃይማኖት ሊወስን አይገባውም።

ይህ የወረቀት ክርክር ብቻ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በእስቴ በመስጊዶች ላይ ጥቃት ደረሰ፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ ከዓባይ ማዶ በሞጣ መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ነደዱ። ገዢን በሃይማኖቱ የሚመልስ ነጋዴና ሻጭን በሃይማኖቱ የሚያቃጥል መንጋ በጥፋታቸው ክብደት አይወዳደሩም። ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ ገበያ የሁሉም መሆኑን አለመቀበል።

የታች ጋይንት ከተማ ዓርብ ገበያ ትባላለች፤ በገበያ ቀን የተጠራች ከተማ። በእንዲህ ያለ ሀገር ከሚዛን ፊት የቆመ ሰው ሊጠየቅ የሚገባው ዋጋውን እንጂ ሃይማኖቱን አይደለም።