ከሺሺንዳ እስከ ሰበር ችሎት

ከቦንጋ ተነሥቶ ወደ ሚዛን የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው የዉሽዉሽን የሻይ ማሳ አልፎ ሺሺንዳን ያገኛል። አገሩ የቡና፣ የማር፣ የእንሰትና የደን አገር ነው። እዚህ የሚኖር ሰው በመሬት፣ በውርስ፣ በቀለብ ወይም በልጅ ጉዳይ ሲካሰስ ክርክሩን የሚጀምረው በወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ተረትቶ ፍርዱ ተዛብቷል ብሎ ካመነ ይግባኙን ይዞ ቦንጋ ይገባል። ቦንጋ ካልቀናው፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ድረስ ቀጣዩ መንገድ ወደ ሐዋሳ ነበር። ሐዋሳም ካጸናበት የቀረችው አንዲት በር ናት፤ እሷም ከቦንጋ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ አዲስ አበባ ያለችው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት።

"በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ" የሚል ሕዝብ ፍርድን እስከ መጨረሻው ደጃፍ መከተሉ አያስገርምም። ግን መንገዱን ማን ያስኬደዋል? የይግባኝ ቅሬታ መጻፍ፣ የውሳኔ ግልባጭ ማውጣት፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የተወሰነው 60 ቀን ሳያልፍ መዝገብ ማስከፈት ገንዘብም እውቀትም ይጠይቃል። ገንዘብ ለሌለው ሰው የይግባኝ መብት በወረቀት ላይ የቀረ መብት ነው፤ ወረቀቱን ተሸክሞ የሚሄድለት ጠበቃ ካላገኘ በቀር።

የዛሬው ጽሑፍ መነሻ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከተመሠረተ ሦስት አሥርት ዓመታት ግድም መሙላቱ ነው። በነጻ ጥብቅና ታሪካችን ውስጥ ከዚህ ማኅበርና ከመጀመሪያዋ ዋና ዳይሬክተሩ ከወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የበለጠ የሚነገርለት ማግኘት ይከብዳል።

ወደ ኋላ ጥቂት እንመለስ። ቦንጋና ሺሺንዳ የሚገኙበት ካፋ በ1890 ዓ.ም. መባቻ ንጉሡ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር እጅ ሲወድቁ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባ። ከዚያ በኋላ የአገሩ ሰው የመጨረሻ አቤቱታ አድራሻ ሩቅ ሆነ፤ ጉዳዩ ከአፈ ንጉሥ እስከ ዙፋን ችሎት ይወጣ ነበር። "ተጠየቅ" እያለ በቃል የሚሟገተው ነገር አዋቂ ቦታውን ቀስ በቀስ ለተማረው ጠበቃ ለቀቀ። በ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በ1958 የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጡ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። ዙፋን ችሎት ከዙፋኑ ጋር አለፈ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 80 የመጨረሻ ውሳኔዎችን የማረም ሥልጣንን ለሰበር ሰጠ። ሰበር ፍሬ ነገርን እንደገና አይመረምርም፤ "መሠረታዊ የሕግ ስህተት" ያለበትን ውሳኔ ግን ይሰብራል።

አሶሳ የተወለዱት ወይዘሮ መዓዛ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ በከፍተኛው ፍርድ ቤት በወንጀል ችሎት ዳኛ ሆነው ሠርተዋል። ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅም ለአርቃቂው ኮሚሽን በሕግ አማካሪነት አገልግለዋል። ከዚያ ከሌሎች ሴት የሕግ ባለሙያዎች ጋር ሆነው ማኅበሩን አቋቋሙ። ዳኛ የነበረ ሰው ካባውን አውልቆ ከተበዳይ ጎን ሲቆም የሚያየው ነገር ይለወጣል። ዳኛ የሚያየው ፊቱ የቀረበለትን መዝገብ ነው፤ ጠበቃ ግን በሩ ላይ የቀረውንም ያያል።

ማኅበሩን በአገርም በውጭም ያስጠራው የአርሲው ጉዳይ ነው። በ1989 ዓ.ም. ግድም አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠለፈች፤ ተደፈረች። የጠላፊዋን ጠመንጃ ይዛ አመለጠች፤ ሲያሳድዳት ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ማኅበሩ ያለ ክፍያ ጠበቃ ቆመላት። ክርክሩ የተመሠረተው ራስን በመከላከል ላይ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ተቀብሎ በነጻ አሰናበታት። በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የ1949ኙ ሕግ ጠላፊው ተጠላፊዋን ካገባ ከክስ እንዲያመልጥ በር ይከፍት ነበር። ጠለፋ በብዙ የአገራችን ክፍል እንደ ልማድ በሚታይበት ዘመን ሽማግሌ "አስታርቀን እንዳር" ሲል ሕጉ ከሽማግሌው ጎን ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ታሪኩ በ2006 ዓ.ም. በዳይሬክተር ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ "ድፍረት" በሚል ፊልም ሆነ፤ የጠበቃዋን ገጸ ባሕርይ ሜሮን ጌትነት ተጫውታዋለች። በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ርዕሱ በቋንቋችን ሁለት ፊት አለው፤ ድፍረት ጀግንነት ነው፣ ድፍረት በሴት ላይ የሚፈጸም በደልም ነው።

ብዙ የሚነገርለት ይኸው የአርሲው ጉዳይ ቢሆንም፣ የማኅበሩን ማንነት የበለጠ የሚያሳየን በ1993 ዓ.ም. መጨረሻ የደረሰበት እገዳ ይመስለኛል። ስለ እገዳው እስከ ዛሬ ሁለት ዓይነት ወሬ አለ።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ሴት ጉዳይ ነው። ሴትዮዋ በአንድ ሰው ተደጋጋሚ ጥቃት ደርሶባታል፤ አቤት ብላለች፤ ጥቃቱ ግን አልቆመም። ማኅበሩ ጉዳዩን ይዞ በፍትሕ አካላት ደጅ ከተመላለሰ በኋላ ወደ አደባባይ አወጣው። የፍትሕ ሚኒስቴር ሥራውን በአግባቡ አልሠራም ሲል በግልጽ ተቸ። በዚያው ዓመት ሴቶች በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ በሴቶች ላይ የሚደርሰው ጥቃት ይቁም ብለው ሰልፍ ወጥተው ነበር፤ ነገሩ የሞቀበት ጊዜ ነው። ሚኒስቴሩ ማኅበሩን አገደው፤ የባንክ ሒሳቡም አብሮ ታገደ።

የሚኒስቴሩ ምክንያት ማኅበሩ ከተመዘገበበት ዓላማ ውጭ ወጥቷል የሚል ነበር። ይህን የሚደግፉ ሰዎች የሚያነሡት ነጥብ አለ፤ ማኅበር ፈቃድ የሚያገኘው ለተወሰነ ሥራ ነው፤ ጥብቅና ሌላ፣ መንግሥትን በአደባባይ መክሰስ ሌላ። የማኅበሩ ወገን መልስ ደግሞ ተበዳይዋን መከላከል ሥራችን ነው፤ በዳይዋን ማስቆም ያለበት አካል ዝም ካለ ዝምታውን መናገርም የጥብቅናው አካል ነው የሚል ነው።

በዚህ ክርክር ውስጥ ብዙ የማይነሣ አንድ ነገር አለ። በዚያን ጊዜ ማኅበራትን የሚመዘግበውና የሚያግደው የፍትሕ ሚኒስቴር ነበር። ዐቃቤ ሕግን የሚመራውም ይኸው ሚኒስቴር ነበር። ስለዚህ የተተቸው አካልና ያገደው አካል አንድ ነው። ተከሳሽ ራሱ ፈራጅ በሆነበት ነገር "ከዓላማህ ወጣህ" የሚለው ቃል ክብደቱ ይቀላል። የ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራትም ለዚሁ ይመሰክራሉ፤ ካቢኔው ተለውጦ አዲስ የፍትሕ ሚኒስትር ሲሾም እገዳው ተነሣ። የማኅበሩ ዓላማ በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ አልተለወጠም። የተለወጠው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው።

የዚያ እገዳ ትምህርት ለነጻ ጥብቅና ትልቅ ነው። ገንዘብ የማይከፈልበት ጥብቅና ከደንበኛው ጥገኝነት ነጻ ነው፤ ከባለሥልጣን ቁጣ ግን ነጻ አይደለም። ይህ በኋላም ታይቷል። የ2001ዱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ሥራ ላይ የተሰማሩ የአገር ውስጥ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ሲወስን ማኅበሩ ሠራተኞቹን ለመቀነስ ተገደደ። ጠበቃ የቀነሰ ማኅበር የሚቀበለውን መዝገብም ይቀንሳል። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተካ።

ማኅበሩ በጽሑፍም ሠርቷል። "በርቺ" የሚባል የሕግ መጽሔት ያሳትም ነበር፤ ለሰፊው አንባቢ ደግሞ "ድምፃችን" ነበረው። የጽሑፉ ዋጋ የሚታየው በሕጉ ላይ ነው። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213 የሴቶችን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 አሳደገ፤ ባል የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው የሚለውን አስቀረ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ በጋብቻ ማምለጥን ዘጋ፤ ጠላፊ ከሦስት እስከ ዐሥር ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። የደቡብ ክልልም በ1996 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 75 አወጣ፤ ካፋም ሺሺንዳም ያኔ በዚሁ ክልል ሥር ነበሩ።

ወደ ይግባኝ መንገድ የሚመልሰን ይህ የክልል ሕግ ነው። በሰበር መዝገብ ቁጥር 23632 የተሰጠው ውሳኔ ከዚሁ ክልል የመጣ ነው። እናቱ የሞተችበትን ሕፃን ያሳደገችው አክስት ናት። ከልጁ ርቆ የኖረው አባት መጥቶ "ሞግዚትነቱ የኔ ነው" አለ። የክልሉ ፍርድ ቤቶች የቤተሰብ ሕጉን ፊደል ተከትለው ከወላጆች አንዱ ሲሞት ሌላው ሞግዚት ይሆናል በማለት ለአባት ወሰኑ። አክስት ሰበር ጠየቀች። በ2000 ዓ.ም. ሰበር ችሎቱ ውሳኔውን ሻረ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 2 እና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን አንቀጽ 3 ጠቅሶ ከሕጉ ፊደል በላይ የሕፃኑ ጥቅም ይቀድማል አለ።

ይህ ውሳኔ የአንድ ቤት ጉዳይ ሆኖ አልቀረም። አዋጅ ቁጥር 454/1997 ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የተሰጠ የሰበር የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ አድርጎ ነበርና፣ አዲስ አበባ የተሰጠው ትርጉም ቦንጋም ሺሺንዳም ደረሰ። የሕግ ምሁራን ግን ጠየቁ፤ የክልልን ሕግ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጨረሻ ቃል ሰጥቶበት ሳለ የፌዴራሉ ሰበር ለምን ይገባል? የክልሎች የዳኝነት ሥልጣን የት ገባ? ጥያቄው ቀላል አይደለም። መዝገቡን ከልጁ በኩል ላየው ሰው ግን መልሱ ይታያል። በሩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ልጁ ካሳደገችው እጅ ይወጣ ነበር። በየክልሉ ድንበር የሚቀየር የሕፃናት መብት ደግሞ መብት አይባልም።

ወይዘሮ መዓዛ ጥቅምት 22 ቀን 2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ፤ በቦታው ላይ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ጠበቃ ሆነው ከውጭ ያንኳኩት በር ውስጥ ገብተው እስከ ጥር 2015 አገለገሉ። በእሳቸው ዘመን የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 የክልል ጉዳዮች ወደ ፌዴራል ሰበር የሚመጡበትን መንገድ ሳይዘጋ ገደብ አበጀለት፤ የሰበርን ትርጉም ሰባት ዳኞች ተሰይመው የሚያርሙበትን ሥርዓትም አመጣ።

ዛሬ የሺሺንዳ ሰው ሐዋሳ አይሄድም። ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አለ፤ ቦንጋም ከክልሉ ዋና ከተሞች አንዷ ሆናለች። መንገዱ አጥሯል፤ የጠበቃ እጥረት ግን አላጠረም። ለድሃ ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ያዛል። በመሬት፣ በቀለብና በሞግዚትነት ለሚሟገት ሰው ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የለም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ በድሃ ደንብ የዳኝነት ክፍያ ሊቀርለት ይችላል፤ በድሃ ደንብ ጠበቃ ግን አይመጣለትም። በፍርድ ቤቱ ደጅ የተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ የቻለውን ይጽፍለታል፤ "መሠረታዊ የሕግ ስህተት" የሚለውን ሐረግ ከመዝገቡ ፈልቅቆ ማውጣት ግን የጠበቃ ሥራ ነው። አቤቱታው ለሰበር ይቅረብ አይቅረብ በሚለው አጣሪ ችሎት "ያስቀርባል" እና "አያስቀርብም" የሚለያዩት ብዙ ጊዜ በዚያች ሐረግ ላይ ነው።

የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ግዴታ ጥሏል። 50 ሰዓት አንድ የይግባኝ መዝገብ አንብቦ፣ ቅሬታውን ጽፎ፣ ቀጠሮ ተገኝቶ ለመከራከር ይበቃል። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ጠበቆች፣ የዘንድሮውን ሰዓታችሁን ከአዲስ አበባ ርቆ ለሚኖር አንድ ይግባኝ ባይ ስጡ። የይግባኙ 60 ቀን ሳያልፍ ስጡት።